ከራጅ እስከ ፔት ሲቲ፦ የተሸሸገውን በሽታ የማየት ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ብሂሉ። ወቀሳው በበሽተኛው ላይ ነው። ይሁንና በሽተኛው ሳይደብቃቸው ራሳቸው የሚደበቁ ብዙ በሽታዎች አሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የሕክምና ምስል ታሪክ እነዚህን ከመሸሸጊያቸው የማውጣት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው መጋረጃ የተገለጠው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልኸልም ሮንትገን በኋላ «ራጅ» የተባለውን ጨረር በዚያ ዕለት አገኘ። ራጅ አጥንትን አጥርቶ ቢያሳይም፣ የአካል ክፍሎችን በአንድ ገጽ ላይ ደራርቦ ስለሚያወጣ ከኋላ ያለው ከፊት ባለው ይሸፈናል።

ይህን ችግር በሒሳብ ለመፍታት ከተነሡት አንዱ የአፍሪካ ልጅ ነበር። የጆሃንስበርግ ተወላጁ አለን ኮርማክ እ.ኤ.አ. በ1956 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለ፣ በግሩት ስኩር ሆስፒታል በትርፍ ሰዓቱ ይሠራ ነበር። ከየአቅጣጫው ወደ አካል ገብቶ የሚወጣውን ጨረር በመለካት የውስጡን ገጽታ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 ያሳተማቸው ጽሑፎች ግን ትኩረት አላገኙም። ቅጂ ከጠየቁት ጥቂቶች አንዱ በስዊዘርላንድ የበረዶ ናዳን የሚያጠና ማዕከል ነበር። የኮርማክን ሥራ ያላወቀው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ በራሱ መንገድ መሣሪያውን ሠራ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋ ታካሚ በሲቲ ስካን ታየች። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. የ1979ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ሲቲ ስካን የእጢን ቦታና መጠን ይናገራል። እጢው ሕያው ይሁን ወይም ከሕክምና የተረፈ ጠባሳ ግን ሁልጊዜ አይለይም። ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የሰጠው ኦቶ ቫርቡርግ ነው፤ የካንሰር ሕዋሳት ግሉኮስን በብዛት እንደሚፈጁ በ1920ዎቹ አስተዋለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማይክል ፌልፕስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ፔት ስካንን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ፍሎሪን-18 የተባለ ጨረር አመንጪ የተያያዘበት ስኳር መሰል ውሕድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ውሕዱ በብዛት የተከማቸበት ቦታ በምስሉ ላይ ይደምቃል። ነገር ግን ያ ድምቀት በትክክል የየትኛው አካል እንደሆነ ለመናገር ያዳግት ነበር።

እንግዲህ አንዱ መሣሪያ ቦታውን፣ ሌላው ሥራውን ያውቃል። ሐኪሞች ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው በግምት ያስተያዩ ነበር፤ ዳሩ ግን በሁለት ቀን በሁለት አልጋ ላይ የተኛ ሰው አካሉ በአንድ ዓይነት ሁኔታ አያርፍም። ዴቪድ ታውንሴንድ ጄኔቫ ላይ ይሠራበት የነበረው የፔት መሣሪያ በመካከሉ ክፍተት ነበረውና፣ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲቲ ቢገባበት ሲል ሐሳብ አቀረበ። ታውንሴንድና ሮናልድ ነት ሐሳቡን ወደ ተግባር ለወጡት፤ የመጀመሪያው ፔት ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1998 በፒትስበርግ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ ቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ ፔትን ለብቻው የሚገዛ ሆስፒታል ጠፋ።

ጥቅሙ በተለይ በሊምፎማ ሕክምና ጎልቶ ታየ። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ እጢው እስኪያንስ ሳይጠበቅ ይታወቃል፤ የማይረዳውም በጊዜ ይለወጣል። ቢሆንም ደማቅ የሆነ ሁሉ ካንሰር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳም ሆነ ሌላ ብግነት እንዲሁ ይደምቃል። ነቀርሳ በተስፋፋበት በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ናሙና ተወስዶ ሳይመረመር በምስል ብቻ የሚሰጥ ፍርድ ታካሚን ሊያሳስት ይችላል።

ሌላው ፈተና ጊዜ ነው። የፍሎሪን-18 ጨረር በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ሩቡ እንኳ አይቀርም። ስለዚህ መሣሪያውን መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ውሕዱን የሚያዘጋጅ ሳይክሎትሮን በቅርብ ሊኖር ይገባል። በናይሮቢ የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ2010ዎቹ መጨረሻ ፔት ሲቲን ሲያቋቁም ሳይክሎትሮኑንም አብሮ የተከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ኮርማክ በኬፕታውን ከጀመረው ስሌት ወዲህ ስድስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ለአካባቢው ታካሚ ግን የምርመራውን ዕድል የሚወስነው ዛሬም ከሳይክሎትሮኑ ያለው ርቀት ነው።