የእድር ልጅ

ስለ እድር የተጻፈ ነገር ሳገኝ ሳላነብ አላልፍም። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡና ጡሩምባ ነፊው በየጽሑፉ አሉ። የመዋጮው ልክና የቅጣቱ ዓይነትም አይቀርም። ልጆቹ ግን የሉም። ድንኳን ሲተከል ካስማ ያቀበለው፣ አግዳሚ ወንበሩን ከእድር ቤት እስከ ለቅሶ ቤት ሁለት ሁለት ሆኖ የተሸከመው፣ ከቦኖ ውሃ የቀዳው፣ ንፍሮውን በሰፌድ ያዞረው ማን ነበር? እኔ ባደግሁበት በሽሮ ሜዳ ልጆች ነበሩ። እኔም አንዷ ስለነበርኩ የሰማሁትን ካየሁት ጋር አያይዤ ልጻፈው።

የእድርን አጀማመር በተመለከተ ሁሉም የሚስማማበት ታሪክ የለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከየአገሩ የገባው ሰው ዘመዱን፣ አጥቢያውንና የአባቶቹን መቃብር ትቶ የገባ ነው። አገሩ ቢሆን ወግ ባለው መንገድ የሚቀብረው ወገን አያጣም። እዚህ ግን የግድግዳ ጎረቤቱ አገሩም ቋንቋውም፣ አንዳንዴም ሃይማኖቱ ሌላ ነው። አንዳንድ አጥኚዎች እድርን የጀመሩት ለሥራ ወደ ከተማው የገቡ ጉራጌዎች ናቸው ይላሉ። ሌሎች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ፣ ሞትና መፈናቀል በበዛበት ጊዜ፣ መስፋፋቱን ያነሳሉ። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉብኝም፤ አንዱ ስለ ጅማሬው፣ ሌላው ስለ መስፋፋቱ ነው የሚናገረው። ሐረሮች ደግሞ አፎቻ የሚሉት የራሳቸው አላቸው፤ የወንዱ ለብቻ፣ የሴቱ ለብቻ ሆኖ ለቅሶውንም ሠርጉንም አብሮ ይሸከማል። እድር የአዲስ አበባ ብቻ ይመስል የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝ ሐረርን አስታውሰዋለሁ።

አባቴ የመንዝ ሰው ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። እሱ እድርን ከደቦ ለይቶ አያየውም። በአገሩ ገብስ ሲደርስ ባለእርሻው ጠላ ጠምቆ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ደቦ ይጠራል፤ የመጣለትም ሰው በተራው ሲጠራው ይሄዳል። ወንፈል ሲሆን ደግሞ ሂሳቡ ጠበቅ ይላል፤ አንድ ቀን የሠራህልኝን አንድ ቀን ሠርቼ እመልስልሃለሁ ነው። በሁለቱም የልጆች ድርሻ ከብት ነበር። አዋቂው ሁሉ አጨዳ ላይ ስለሚውል የየቤቱ ከብት አንድ ላይ ይነዳና ለልጆች ይሰጣል። በዚያ ቀን አንዲት ላም ሰብል ውስጥ ብትገባ የሚወቀሰው የላሚቱ ባለቤት አይደለም፤ ጠባቂው ልጅ ነው። አባቴ ይህን ሲያወራ ኩራቱ ያስቀኝ ነበር። በሰው ላም ተወቅሶ የሚኮራ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ይህን ልማድ ነው እንደ አባቴ ያሉት ሰዎች ከነልጆቹ ድርሻ ወደ ከተማ ያመጡት። በእድሩ መዝገብ ላይ የተጻፈው ያባቴ ስም ነው፤ የሚቆጠረው ግን ቤቱ ነው። አባቴ የፋብሪካ ፈረቃ ይዞት ቀብር ሳይደርስ ሲቀር፣ ስም ጥሪ ላይ ትልቁ ወንድሜ «አቤት!» ብሎ ይቆማል። ዳኛው ከመዝገቡ ቀና ብለው ያዩትና «ይጻፍለት» ይላሉ፤ ቅጣቱ ይቀራል። ወንድሜ ያን ጊዜ ገና ጺም ያላበቀለ ልጅ ነው። በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የመዋጮውን ሳንቲም በመሐረብ ጫፍ ቋጥሬ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ጸሐፊው የአባቴን ስም አግኝተው ምልክት እስኪያደርጉ ድረስ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ አላነሳም፤ እናቴ «ሲጽፉ አይተሽ ነይ» ብላኛለችና።

ጡሩምባው የሚነፋው ጎህ ሲቀድ ነው። ነፊው በየመንደሩ ጥግ ቆሞ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይለፍፋል። እናቴ ማን እንደሞተ ሳትሰማ እንኳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ እሳት ታያይዛለች። ወንዶቹ ልጆች ወደ እድር ቤት ይሮጣሉ። የእድር ቤቱ ቁልፍ ያለው ንብረት ክፍሉ ዘንድ ነበር፤ ልጆች ጋሼ ንብረት እንላቸው ነበር። ድንኳኑ በሁለት አዋቂና በአንድ ጭፍራ ልጅ ይወጣል። ልጆች ከሸራው ሥር ገብተው ምሰሶውን ያቆማሉ፣ አዋቂዎች ከውጭ ገመድ ይስባሉ። በክረምት ያ ሸራ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ሽታውም አብሮ ይጠነክራል፤ ወንድሜ ማታ ሲመለስ ከሩቁ ያስታውቃል።

የእኛ የሴቶቹ ሥራ ሰሀን ነበር። ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ሰሀኖች፣ ጀርባቸው ላይ የእድሩ ስም መነሻ ፊደል በቀይ ቀለም ተጽፎባቸዋል። በልቶ የተነሳ ሰው ሰሀኑን አጠገቡ ይተወዋል፤ እኛ እየሰበሰብን ከጓሮ ወስደን በአመድ እንፈትጋለን፣ በቦኖ ውሃ እናለቀልቃለን። ቀዩ ፊደል ሲፈተግ እየተላጠ ስለሚሄድ ጀርባውን በዝግታ፣ ፊቱን በጉልበት ማሸት አለብን፤ ይህን ያስተማረን ሰው የለም፣ እየተቆጡን ነው የለመድነው። ሠልስት ካለፈ በኋላ ማሾው በርቶ ቆጠራ ይጀመራል። ሰሀን በአሥር በአሥር ይደረደራል።

«ቆጥራችኋል?» ይላሉ ጋሼ ንብረት።

«ቆጥረናል ጋሼ።»

«እንግዲያው እኔም ልቁጠር።»

አንድ ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በሰፈራችን ደንብ የጠፋ ዕቃ ዋጋ የሚታሰበው ለቅሶ በተቀመጠው ቤት ላይ ነው። ባሏን ከትናንት ወዲያ የቀበረች ሴት ሰሀን ልትከፍል ነው ማለት ነው! ስለዚህ ልጅ ሁሉ ፋኖስ ይዞ ይበተናል፤ በየአግዳሚው ሥር፣ በየጎረቤቱ ማጀት፣ ውሻ በሚተኛበት ሳይቀር እንፈልጋለን። አንዳንዴ ሰሀኑ የሚገኘው ከአንዱ ቤት ውስጥ ክዳን ሆኖ ነው። ያ ቤት ማን እንደሆነ ለትልልቆቹ እንዳንናገር እርስ በርስ ተማምለናል፤ ዛሬም አልናገርም።

ያኔ ሁሉም መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ወንድ ልጅ ድንኳኑ ከቆመ በኋላ ኳሱን ይዞ ይጠፋል፣ ሴት ልጅ ግን እስከ ሠልስት ድረስ ከጭስ ቤት አትወጣም። ከትምህርት ቤት የምንቀረው እኛ ነበርን። አንድ ጊዜ ከለቅሶ ስመለስ አስተማሪዬ «ማን ሞተብሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «የጎረቤት» ስላቸው «የጎረቤት ለቅሶ ከክፍል አያስቀርም» ብለው አንበረከኩኝ። ወንድሜ በዚያው ለቅሶ ቆሞ እያለ አንድም ቀን አልቀረም። ዛሬ ስለ እድር በናፍቆት የሚናገሩ ወንዶች ሲያጋጥሙኝ ይህን ሳልነግራቸው አላልፍም።

ከአብዮቱ በፊት በነበሩት ዓመታት አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው መንገድ መጥረግና ድልድይ ማሠራት ጀምረው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ሰፈሩ በቀበሌ ተደራጀ፤ የልማቱን ሥራ ቀበሌው ወሰደው፣ እድርም ወደ ቀብሩ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ለአንዳንዱ ቤት ተከለከለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ ድንኳን እንዳይተክል፣ ድምፁን አውጥቶ እንዳያለቅስ የተደረገበት ጊዜ ነበር። ጡሩምባ አይነፋም። አዋቂ ሰው ወደዚያ ቤት ሲገባና ሲወጣ ይታያል፤ ልጅ ግን ሁልጊዜ ይላካል፣ ማንም ልብ አይለውም። በሰፈራችን እናቶች እንጀራውን በትንሽ ሌማት አድርገው፣ ከላይ ስኳር ወይም ጨው አስይዘው ልጅ ይልኩ ነበር። የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መልሱ «እናቴ ጨው ተበድራ ነበር፣ ልትመልስ ነው» የሚል ነው። ታናሽ እህቴ ይህን ስታደርግ ለምን እንደሆነ በደንብ አታውቅም ነበር፤ ለምን እንደማይወራ ግን ታውቃለች።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ለማስተማሪያ ተወሰዱ። ዘመቻው በመጨረሻ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠና እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ነው። እኔም በቀበሌያችን ማታ ማታ ካስተማሩት አንዷ ነበርኩ። ያልመጣ ሰው በቀበሌ ጉዳዩ እንደማይፈጸምለት ስለሚነገረው ሁሉም በፍቅር መጣ አልልም። የማልረሳው ግን እናቶቹ ከልጆቻቸው ጋር መቀመጣቸውን ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች የእናታቸውን ጣት ይዘው «ሀ»ን ያስጽፏቸዋል፣ ሲሳሳቱ ይስቃሉ፣ እናቶቹም ይስቃሉ። ትናንት ሰሀን አንድ በአንድ ተቆጥሮ እንዲመለስ ይቆጡን የነበሩት ሴቶች ቁጥር ሲጽፉ ማየት ደስ ይል ነበር።

በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሰፈሩን ሲያራቁት ብዙ እድሮች ደንባቸውን ለወጡ። ሲቀብሩ ከመኖር የታመመውን ማስታመም፣ የቀሩትን ልጆች ማሳደግ ይሻላል ብለው ከመዋጮው ላይ መቁረጥ ጀመሩ። በእድር ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ አላውቅም። እዚህም ላይ ልጆች ነበሩ፤ እናት አባታቸው የሞቱባቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ይዘው የሚሄዱት፣ «ከእነሱ ጋር አትጫወት» የሚል ወላጅ እያለ አብረው የሚጫወቱት የእድርተኛ ልጆች ናቸው። አስተማሪ ስለነበርኩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ ዛሬ የት ሄዱ? ማንም አላባረራቸውም፤ ሥራው አለቀባቸው። የቆርቆሮው ሰሀን ሄዶ ምግብ አቅራቢ ድርጅት ከነአስተናጋጁ መጣ። አግዳሚው በፕላስቲክ ወንበር ተተካ፣ እሱንም የቀን ሠራተኛ ይደረድረዋል። የጡሩምባውን ሥራ ስልክ ወሰደው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስላለ መዋጮውም በመሐረብ አይቋጠርም። ሰፈሩም ተበትኗል፤ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ወጥቷል፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኮሪደር ልማቱ ብዙ መንደር አንስቷል። ከከተማው ዳር ተነስተው ለቀብር ወደ ድሮ እድራቸው የሚመጡ አባቶችን አውቃለሁ። ልጆቻቸውን ግን ይዘው አይመጡም፤ ትራንስፖርቱ ያስፈራቸዋል፣ «ትምህርት አለባቸው» ይላሉ። እኔም በዚህ ረገድ ከሁሉም በፊት ተንበርካኪ ስለነበርኩ አልፈርድባቸውም።

ልጅን ይዞ ለሰፈር የመውጣት ነገር ጨርሶ ጠፋ ማለትም አይቻልም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል በእኛ ሰፈር በኩል ወደ እንጦጦ አካፋ ይዘው የወጡ አባትና ልጆች አይቻለሁ። በየክረምቱ የአቅመ ደካማ ቤት ሲታደስ ጭቃ የሚረግጡ ልጆች አሉ። ደስ ይላል፤ ልዩነቱን ግን መናገር አለብኝ። ያ ቀን አለው፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ ያልመጣ ሰው አይጎድልም። በእድር ግን አንድ ሰሀን ከጎደለ የሚከፍለው ያዘነ ሰው ነው፤ ልጅ ይህን ሲያውቅ ነው ፋኖስ ይዞ የሚሮጠው።

ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች አንድ ነገር ልበል። ደንባችሁን ስታሻሽሉ፣ አባት ሳይመቸው ሲቀር ልጁ ቢቆም ቅጣት ይቀራል የምትለዋን አንቀጽ መልሷት፤ ስትመልሷት ሴት ልጅንም ጨምሩባት። ወላጆችም የሚቀጥለውን ወር መዋጮ በስልክ አትላኩ። ለልጃችሁ ስጡት፣ እድር ቤት ይሂድ፣ ጸሐፊው ሲጽፉ አይቶ ይምጣ።