አልማዝ ባለጭራ እና የመርሳት በሽታ

አልማዝ ባለጭራ፣ በልጅነት ጉድፍ የሚያስይዘው ቫሪሴላ ዞስተር የተባለ ቫይረስ በነርቭ ሴሎች ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ ቆይቶ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የሚቀሰቅሰው፣ በአንድ ጎን እንደ ቀበቶ ተጋድሞ ውኃ የሚቋጥርና የሚያቃጥል ሕመም ነው። ቫይረሱ የአንጎልን የደም ሥሮች አስቆጥቶ ስትሮክ ሊያስከትል እንደሚችል የታወቀ ሲሆን፣ ዲሜንሺያ ከሚባለው፣ የማስታወስና የማሰብ ችሎታን ቀስ በቀስ ከሚያሳጣው የመርሳት በሽታ ጋር ያለውን ዝምድና ጎላ አድርጎ ያሳየው ግን የዌልስ ጥናት ነው። በዚያ አገር የአልማዝ ባለጭራ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 ወይም ከዚያ ወዲህ ለተወለዱት ተፈቅዶ ቀደም ብለው ለተወለዱት ስለተከለከለ፣ በቀናት ብቻ የሚበላለጡ አረጋውያን፣ ማንም ሳያቅደው፣ ለንጽጽር ተመቻቹ። በ2025 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት እንደሚያመለክተው፣ የተከተቡት በ7 ዓመት ውስጥ በዲሜንሺያ የመያዛቸው ዕድል በ20 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ቅነሳው በሴቶች ላይ ይበልጥ ጎልቷል።