የሐዲዱ ምእመን፤ ካቶሊካዊው የባቡር ሠራተኛና ቤተሰቡ በድሬዳዋ

በግንቦት ወር 1883 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች ኑሮ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፥ የሠራተኛ ደመወዝ በቁጠባ የሚኖረውን ሰው ሊያኖር የሚበቃ መሆን እንደሚገባው፥ የሰንበት ዕረፍትም የአሠሪ ችሮታ ሳይሆን ለእግዚአብሔር የሚገባ ዕዳ መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1886 ዓ.ም.፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ ሸዋ የሚዘልቅ የምድር ባቡር ያሠራ ዘንድ ፈቃዳቸውን ሰጡት። የሮማው መልእክትና የሸዋው ውል አንዱ ስለ ሌላው ምንም ሳያውቅ የተጻፉ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ኋላ በአንድ ሰው ሕይወት ተገናኙ። ያ ሰው ቀን በሐዲድ ላይ ሲደክም ውሎ፥ ማታ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተንበርክኮ መቁጠሪያ የሚደግመው የድሬዳዋ ካቶሊካዊ የባቡር ሠራተኛ ነው። ስለ ምድር ባቡሩ የተጻፈው ታሪክ የነገሥታቱን፥ የባለ ውሎቹንና የመሐንዲሶቹን ስም አስፍቶ ሲናገር፥ ይህን ሰው ግን በጅምላ «ሠራተኛ» ብሎ ስለሚያልፈው፥ አኗኗሩን መመርመር ይገባናል።

የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። መንገዱ ውሃ በሌለበት በረሃ ላይ ስለ ተዘረጋ፥ በሙቀትና በበሽታ፥ አገሩ ያለ ፈቃዱ በተነካበት ሕዝብ አደጋም፥ ብዙ ሰው ረገፈበት። መስመሩ ሐረር እንዲገባ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፥ ወደ ከተማይቱ የሚያወጣው ተራራ ወጪውን ከአቅም በላይ ስላደረገው፥ ከተራራው ግርጌ በደቻቱ ወንዝ ዳር ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደረሰበት በዚያ ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተመሠረተች። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወድቆ፥ በ1900 ዓ.ም. ለዶክተር ቪታልየን በተሰጠው አዲስ ፈቃድ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ተረከበና፥ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

የካቶሊካውያኑ ሚሲዮን ግን በሐረርጌ ደጋ ባቡሩን ቀድሞ ሰፍሮ ነበር። በ1838 ዓ.ም. የኦሮሞ አገር ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት የካፑቺኑ መነኩሴ ጉልዬልሞ ማሳያ ከብዙ ድካምና ስደት በኋላ ከአገር ሲወጡ፥ ተከታያቸው ታውሪን ካኻኝ ሐረር ላይ ተቀመጡ፤ ከእርሳቸውም ዕረፍት በኋላ በ1892 ዓ.ም. ሕዝቡ አባ እንድርያስ እያለ የሚጠራቸው እንድርያስ ዣሮሶ ጵጵስናውን ተቀበሉ። እኒህ አባት ለራስ መኰንን ልጅ ለተፈሪ (ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) መምህር ሆነው የፈረንሳይኛን ትምህርት ያስጀመሩ፥ ከሚሲዮኑም የወጡትን አባ ሳሙኤልን ለዚሁ አገልግሎት የሰጡ ናቸው፤ አባ ሳሙኤልም በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ሰጥመው ዐረፉ። ሚሲዮኑ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ አቋቁሞ፥ ማተሚያም አስመጥቶ ነበርና፥ በኋላ ማተሚያው ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በቅዱስ አልዓዛር ስም መጻሕፍት ያትም ጀመር። እንግዲህ ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ የሥራ ፈላጊውን ሲያወርድ፥ ካህናቱም ትምህርቱንና ሕክምናውን ይዘው አብረው ወረዱ ማለት ነው።

ኩባንያው ድሬዳዋን የመስመሩ እምብርት አደረጋት። የሞተሩ መጠገኛ፥ የፉርጎው መሥሪያ፥ የዕቃው መጋዘንና ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ነበሩ። ከደቻቱ ወዲህ በከዚራ መንገዱ ቀጥ ብሎ ተቀይሶ፥ በየዳሩ ዛፍ ተተክሎበት የኩባንያው ሠራተኞች ቤት ሲሠራ፥ ከወንዙ ማዶ በመጋላ ደግሞ የነጋዴው፥ የኦሮሞው፥ የሶማሌው፥ የዐረቡና የሐረሬው ገበያ ደመቀ። ፈረንሳዊው፥ ግሪኩ፥ አርመኑና ጣልያኑ ከኢትዮጵያዊው ጋር በአንድ መጠገኛ ቤት ሲሠሩ፥ የሥራው መዝገብ በፈረንሳይኛ ይጻፍ ስለ ነበር፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያን ቋንቋ የተማረ ልጅ ከጽሕፈት ቤትና ከጣቢያ ሥራ የሚገባበት በር ተከፈተለት። ከኦሮሞም ከአማራም የተወለደው ካቶሊካዊ፥ በሌላ ስፍራ ሃይማኖቱ እንደ እንግዳ ሃይማኖት ሲታይበት፥ እዚህ በሙያው ተጠርቶ በሙያው ተከበረ። ለአንድ አነስተኛ ማኅበረ ምእመናን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ «የማን ወገን ነህ» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ሥራህ ምንድን ነው» የሚለው ጥያቄ የሚቀድምበት ከተማ አግኝቷልና።

ሥራው ራሱ ትልቅ ታማኝነትን የሚጠይቅ ነበር። መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ፥ ሽቅብ የሚወጣውና ቁልቁል የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉት በጣቢያ ላይ ነበር፤ ስለዚህ የሽንሌ ወይም የአዲጋላ ወይም የአፍደም ጣቢያ ሹም የሚቀጥለውን ጣቢያ ጠይቆ መንገዱ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡር ቢለቅቅ፥ የአንድ ቃል ስሕተት የብዙ ሰው ሞት ይሆን ነበር። ሐዲድ ጠባቂው በበረሃው ፀሐይ የተለጠጠውን ብረት፥ የላላውን ቡሎን፥ ጎርፍ የሸረሸረውን ጠጠር እየፈተሸ በእግሩ ሲሄድ፥ አለቃ አያየውም፤ ሥራውን ቸል ቢልም በዚያች ሰዓት የሚወቅሰው የለም። በዚህ ስፍራ ነው የሃይማኖቱ ትምህርት ከሙያው ጋር አንድ የሆነው። ሰው በማያየው ስፍራ እግዚአብሔር እንደሚያየው አምኖ ያደገ ሰው፥ ቡሎኑን የሚያጠብቀው ለደመወዙ ሲል ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሐዲድ ላይ ነገ የሚያልፈውን የማያውቀውን መንገደኛ ነፍስ በአደራ እንደ ተቀበለ ስለሚያውቅ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና፥ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ፥ መንገደኛውም ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። ስለዚህ ነጂው፥ እሳት አንዳጁና ተቆጣጣሪው ከቤታቸው የሚርቁበት ሌሊት ብዙ ነበር። የአባወራው መራቅ የቤቱን ሸክም በሚስቱ ትከሻ ላይ ስለሚጥለው፥ የባቡር ሠራተኛው ቤት በእውነት የቆመው በእርሷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ደመወዙን ለወር የምታብቃቃው፥ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው፥ ትምህርተ ክርስቶሱን በቃላቸው የምታስይዘው፥ አባታቸው በሌለበትም የማታውን ጸሎት የምታስጀምረው እርሷ ነበረች። እርሱም ከጉዞ ሲመለስ፥ ልብሱን ሳይለውጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ልጆቹ ነበር።

የሰንበት ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እሑድ ቅዳሴ መስማትን ግዴታ ታደርጋለች፤ ባቡር ግን የሳምንቱን ቀን አይለይም። በሐረርጌ ሚሲዮን ዘንድ ቅዳሴው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በፊት በላቲን ሥርዓት ይደርስ ስለ ነበር፥ ሠራተኛው ጧት በቅዳሴ ተገኝቶ ወደ ጣቢያው የሚሮጥበት፥ ወይም ተራው ሲደርስበት በበረሃ ጣቢያ ብቻውን ሆኖ በመቁጠሪያው የሚጸልይበት ቀን ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ለሕዝብ ጥቅም የግድ የሆነ ሥራ ከሕገ ሰንበት ነጻ እንደሚያደርግ ስለምታስተምር፥ ይህ ሰው ሥራውን እንደ ኃጢአት፥ ጸሎቱንም እንደ ትርፍ ነገር አልቈጠረም፤ ሁለቱን አስማምቶ የሚኖርበትን ሥርዓት በገዛ ሕይወቱ አበጀ እንጂ።

ሌላም ፈተና ነበረ። ድሬዳዋ የወደቡ መንገድ ስለሆነች፥ ቡናው፥ ቆዳውና ጫቱ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፥ ጨርቁና ልዩ ልዩ ሸቀጡ ወደ ደጋ ሲወጣ፥ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃም በፉርጎው ሥርና በመቀመጫው ውስጥ ተሸሽጎ ይጓዝ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ የሚፈለግ ሰው ነው፤ ዓይኑን ለአንድ ሰዓት ቢጨፍን የወር ደመወዙን የሚያህል ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። በንስሐ ወንበር ፊት የሚንበረከክ አባወራ ግን የሰረቀውን ሳይመልስ ሥርየት እንደማያገኝ ከልጅነቱ ተምሯልና፥ በልጆቹ ፊት ንጹሕ እንጀራ ለመቁረስ ሲል ድህነትን የመረጠ ሰው ቢገኝ፥ ከኩባንያው ሽልማት ባያገኝም በታሪክ ዘንድ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን ትሕትናን ከባርነት ጋር ማምታታት አይገባም። የሊዮን 13ኛ መልእክት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ጥቅማቸውን ይጠብቁ ዘንድ መብት እንዳላቸው ጭምር የሚያስተምር ነው። በምድር ባቡሩም የውጭ አገር ሰውና የአገር ተወላጅ በአንድ ሥራ ላይ ሆነው በደመወዝና በማዕረግ ሲለያዩ፥ ቅሬታው እየበረታ ሄደ። ከጣልያን ወረራ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የባቡሩ ሠራተኞች በኢትዮጵያ ቀድመው በማኅበር ከተሰበሰቡት መካከል ሲሆኑ፥ ሥራ በማቆም ያሰሙት አቤቱታ በወታደር ኃይል ተገታ፤ የአገሪቱ የሠራተኞች ማኅበራት በአንድነት የተሰበሰቡት ከዚያ ዘመን በኋላ በ1955 ዓ.ም. ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም በ1947 ዓ.ም. የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል በዓለም የሠራተኞች ቀን፥ ሚያዝያ 23፥ እንዲከበር ሲደነግጉ፥ በእጁ ሥራ ቤተሰቡን ይመግብ የነበረውን ጻድቅ ለሠራተኛው አባወራ አርአያ አድርገው ሰጡት። ለድሬዳዋው ሰው ይህ በዓል የሥራው ክብርና የቤቱ ክብር አንድ መሆኑን የሚያጸና ነበር።

በመስመሩ ላይ ያለፈው የአገር መከራ በዚሁ ሠራተኛ እጅ ያለፈ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚህ ባቡር ነበር፤ አባ እንድርያስም በጣልያን ዘመን ሐረርን ለቀው እንዲወጡ ሆኖ በ1933 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ዐረፉ። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ኩባንያው የኢትዮጵያና የፈረንሳይ እኩል ሀብት ሆነ። ከዚያ በኋላ የሶማሌ ጦርነት ድልድዮቹን ጎዳ፤ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ወደ ገደል ወርዶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። አሮጌው መስመር እየደከመ ሄዶ፥ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ሲመረቅ፥ የጥንቱ ሐዲድ በአብዛኛው ዝም አለ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ የምድር ባቡሩ ለኢትዮጵያ ያተረፈው ሸቀጥንና ቀረጥን ብቻ አለመሆኑን ነው። በሰዓት መገኘትን፥ ቃልን መጠበቅን፥ ያልታየ ሥራን በእኩል ትጋት መፈጸምን ለብዙ ቤተሰብ አስተማረ፤ ሃይማኖት ደግሞ ያንን ልማድ ከአለቃ ፍርሃት አውጥቶ የሕሊና ሀብት አደረገው። የዚያ ሰው ልጆች መምህር፥ መካኒክ፥ ነርስ፥ ካህን ቢሆኑ፥ መሠረቱ በወር ደመወዝ በተገዛ ደብተርና በማታ ጸሎት የተጣለ ነው። እንግዲህ ሊቃውንት የምድር ባቡሩን መዝገብ ከቤተ ክርስቲያኑ የጥምቀትና የተክሊል መዝገብ ጋር አስተያይተው ያንብቡ፤ በሕይወት ያሉትም አረጋውያን ሳያልፉ ቃላቸው ይመዝገብ። የሐዲዱን ርዝመት በኪሎ ሜትር ለክተን የምናውቅ ሰዎች፥ ሐዲዱን ጠብቀው ያኖሩትን ሰዎች በስማቸው ሳናውቅ ብንቀር፥ የገዛ አገራችንን ታሪክ ከግማሽ በላይ እንዳላወቅን ይቈጠራል።