በልቡ ስር ያለችው የወረቀት ሞላ

የካቲት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ቦሌና ፒያሳ ቀይ መልበስ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቀይ ጽጌረዳ፣ ቀይ የድብ አሻንጉሊት፣ ቀይ ልብ የተለጠፈበት ፖስት ካርድ። «የፈረንጅ በዓል ነው፣ አይመለከተንም» የሚለው ክርክርም አብሮ ይመጣል። ዛሬ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። የምገባው ካርዱ ውስጥ ነው። በእጅ የተሠራ ደህና ካርድ ካጋጠማችሁ፣ ልቡ ከካርዱ ጋር ተጣብቆ አይተኛም፤ ብድግ ብሎ ይቆማል። ቀስ አድርጋችሁ ከስሩ ብታዩ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈች ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ታገኛላችሁ። ሥራዋ ልቡን ከፍ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው፤ ሞላ ናት፣ የወረቀት ሞላ። ይህቺ ምስኪን ቁራጭ ታሪክ አላት። በታሪኩ ውስጥ ስሟ የታወቀ አንዲት ሴት፣ ስማቸው ያልታወቀ ብዙ ሴቶችም አሉ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር የምትባል ከተማ ነው። ኤስተር ሃውላንድ በ1828 የተወለደችው በመጽሐፍና በጽሕፈት መሣሪያ ንግድ ከሚተዳደር ቤተሰብ ነው። አባቷ መጽሐፍ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ማሳተምም ይወድ ነበር፤ በ1840 ያወጣው መጽሐፍ የእንፋሎት መርከቦችንና የባቡር አደጋዎችን የሚተርክ ነበር። አባት የፈነዳ መርከብ ሲሰበስብ፣ ልጅ ልብ መለጠፍ ጀመረች። ቤተሰብ እንዲህ ነው እንግዲህ።

ኤስተር በ1847 ማውንት ሆልዮክ ከሚባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ተመረቀች። በዚያው ዓመት መጸው ላይ እዚያው ትምህርት ቤት የገባች ሌላ ልጅ ነበረች፤ ኤሚሊ ዲኪንሰን፣ ገጣሚዋ። ሁለቱን «የክፍል ጓደኛሞች» እያሉ የሚጽፉ አሉ፣ ግን አንዷ ስትወጣ ሌላዋ እየገባች ነበር። የትምህርት ቤቱ መሥራች ሜሪ ላየን ለቫለንታይን ወረቀት ደግ ፊት አልነበራቸውም። ኤሚሊ በ1848 በጻፈችው ደብዳቤ ላይ፣ ልጆቹ እነዚያን «የሞኝ ወረቀቶች» እንዳይልኩ መከልከላቸውን ታነሳለች። የአሜሪካ የቫለንታይን ንግድ የወጣው ከዚህ ግቢ ነው ማለት ነው።

ኤስተር ከተመረቀች በኋላ አባቷ ከሚሠራባቸው ሰዎች አንዱ ከእንግሊዝ የመጣ የቫለንታይን ካርድ ላከላት። ጠርዙ ዳንቴል የሚመስል፣ ያማረ ካርድ። የእንግሊዙን ዳንቴል ወረቀት ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ግኝቱ ራሱ ደስ ይላል። ወረቀት ላይ ቅርጽ የሚያሳብጥ የብረት ቅርጽ ማተሚያ ቀድሞም ነበር። በ1834 ለንደን ውስጥ ጆሴፍ አደንብሩክ የተባለ ሠራተኛ፣ ያበጠውን የወረቀቱን ክፍል በሞረድ ቢፈገፍጉት ቦታው እንደሚበሳ አስተዋለ። ቀዳዳዎቹ ሲበዙ ወረቀቱ ዳንቴል ሆነ። በእጅ ዳንቴል ስትሠራ የኖረች እናት ወይም አክስት ያላችሁ፣ ስንት ወር የሚፈጀው ነገር በሞረድ ፍግፈጋ ሲያልቅ ምን እንደሚሰማቸው ገምቱ።

እንግሊዞቹ ዳንቴሉን ሠርተውታል። ኤስተር ያደረገችው ግን ሌላ ነው። ዳንቴል ወረቀቱን ከእንግሊዝ፣ ባለ ቀለም ትንንሽ ሥዕሎችን ደግሞ ከኒውዮርክ አስመጣችና አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ያዘች። ከነጩ ዳንቴል ስር ቀይ ወይም ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ስታስገባ ቀዳዳዎቹ በቀለም ይሞላሉ። ከዚያ ዳንቴሉን ከመሠረቱ ከፍ ታደርገዋለች፣ በዚያች በተጣጠፈች ቁራጭ። በላዩ ሌላ ዳንቴል፣ በላዩ የአበባ ሥዕል፣ አንዳንዴም ሐር። ካርዱ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ወለልና ጣሪያ ያለው ትንሽ ክፍል መሰለ። ግጥሙ ደግሞ ፊት ለፊት ሳይሆን ከውስጥ ገባ፤ አንባቢው ገልጦ እንዲያገኘው።

ልትሞክሩት ብትፈልጉ፣ ሞላዋ ከባድ አይደለችም። ጠንከር ካለ ወረቀት አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጡ። አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እያላችሁ እኩል እኩል እጠፉ። አራት ወይም አምስት እጥፋት ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከመሠረቱ፣ ሌላውን ከሚነሳው ሥዕል ጀርባ በትንሽ ኮላ አጣብቁ። ኮላው መብዛት የለበትም፤ እጥፋቶቹ መሃል ከገባ ሞላዋ አበቃላት። አንድ ሞላ ብቻ ከተጠቀማችሁ ሥዕሉ ይንጋደዳል፣ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል። ሲጫኗት ትተኛለች፣ ሲለቋት ትነሳለች።

ትተኛለች የሚለው ነገር ቀልድ አይደለም። ይህ ካርድ በፖስታ መላክ ነበረበት። ታሪኩን የሚጽፉ ብዙዎች የኤስተርን ብልሃት ያወራሉ፣ ስለ ፖስታ ቤት ግን ዝም ይላሉ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የገረመኝ የፖስታ ቤቱ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1845 ድረስ የደብዳቤ ዋጋ የሚሰላው በርቀትና በወረቀቱ ቁጥር ነበር። ከ400 ማይል በላይ ለሚሄድ አንድ ቅጠል ወረቀት 25 ሳንቲም፣ ሁለት ከሆነ እጥፍ፣ ሦስት ከሆነ ሦስት እጥፍ። ደብዳቤውን በፖስታ ብታሽጉት ፖስታውም እንደ አንድ ወረቀት ይቆጠር ነበር። ሰዎች ደብዳቤያቸውን ራሱን አጥፈው በሰም የሚያሽጉት ለዚህ ነው። እስቲ በዚህ ሂሳብ መሠረት፣ ዳንቴል፣ ከስሩ ባለ ቀለም ወረቀት፣ ሥዕልና ሞላ ያለው ካርድ ላኩ! ሐብታም አፍቃሪ ካልሆነ በቀር ማንም አይሞክረውም።

በ1845 ሕጉ ተለወጠ። ሂሳቡ በክብደት ሆነ፤ ከግማሽ አውንስ (14 ግራም ገደማ) የማይበልጥ ደብዳቤ እስከ 300 ማይል በ5 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ በ10 ሳንቲም። በ1847 የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች አወጣ፤ በ1851 ደግሞ አስቀድሞ የተከፈለበት ደብዳቤ ወደ 3 ሳንቲም ወረደ። ወረቀት ደግሞ ቀላል ነው። አምስት ድርብ ዳንቴል ብትደርቡ ሚዛኑ ብዙም አይንቀሳቀስም። ድርብርቡ ካርድ ንግድ ሊሆን የቻለው በሚዛን ላይ ወረቀት ከንቱ ስለሆነ ነው። ኤስተር ከዚያ ሕግ አምስት ዓመት ቀድማ ብትመረቅ ኖሮ፣ ካርዶቿ የቤተሰብ ማስታወሻ ሆነው ይቀሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የንግዱ አጀማመር ብዙ ጊዜ የተተረከ ነው። ጥቂት ናሙና ሠርታ፣ ለአባቱ ንግድ ለሽያጭ ከሚዞረው ወንድሟ ሻንጣ ውስጥ ጨመረች። የ200 ዶላር ትዕዛዝ ብታገኝ ደስታዋ ነበር። ወንድሟ ከ5,000 ዶላር በላይ ትዕዛዝ ይዞ ተመለሰ ይባላል። በፌብሩዋሪ 1850 «ስፓይ» በተባለው የዉስተር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣች። ኋላ ላይ ሥራው በዓመት እስከ 100,000 ዶላር ያስገባ እንደነበር በብዙ ቦታ ተጽፏል።

5,000 ዶላር የሚያወጣ ካርድ ግን አንድ ሰው ሠርቶ አይጨርሰውም። ስለዚህ ኤስተር ጓደኞቿን ጠራች። በቤተሰቧ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘረጋ። አንዷ ሥዕል ትቆርጣለች። አንዷ መሠረቱን ትዘረጋለች። ሌላዋ ከስር የሚገባውን ባለ ቀለም ወረቀት ትለጥፋለች፣ ካርዱም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ኤስተር የመጀመሪያውን ናሙና ትሠራለች፣ የተቀሩት ያንን ይገለብጣሉ። መጨረሻ ላይ እሷው መርምራ ታሳልፋለች። ሄንሪ ፎርድ ገና አልተወለደም ነበር።

ታዲያ ይህ «በእጅ የተሠራ» ነው? ነው። ግን በእጅ የተሠራ ስንል በልባችን የምንስለው ሰው፣ ሻማ አጠገብ ተቀምጦ አንድን ሰው እያሰበ የሚለጥፍ ነው። የዉስተሯ ቆራጭ የምትቆርጠውን ልብ ማን ለማን እንደሚልከው አታውቅም። ያን ዕለት መቶኛ ልቧ ይሆናል። ይሄ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የእንቁጣጣሽ ዕለት በር አንኳኩተው አበባና መልአክ የሳሉበትን ወረቀት የሚያድሉትን ልጆች አስታውሱ። አንዱ ጎበዝ ሳይ ይስላል፣ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ የተቀሩት በቀለም ይሞሉታል። ወረቀቱን ስንቀበል ግን «ልጁ ራሱ የሳለው» ብለን ነው የምንቀበለው፤ ሳንቲሙንም የምንሰጠው ለዚያ ነው። ከዚህ የተነሳ ኤስተርን አልከስም። የማነሳው ሌላ ነገር ነው።

ሥራው ሲሰፋ በሳጥን ወደ ቤት ቤት መሄድ ጀመረ። ሳጥኑ ውስጥ ለካርዱ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ተቆጥሮ ይገባል፣ ሴቶቹ ቤታቸው ሆነው ይሠራሉ፣ ከሳምንት በኋላ ሰው መጥቶ ያለቀውን ይሰበስባል። ሥራው ቀላልና ደስ የሚል፣ ክፍያውም ጥሩ እንደነበር ተጽፏል። ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዉስተር ውስጥ ለሴት ከነበረው አማራጭ አንጻር፣ ወረቀት ማጠፍ ከፋብሪካ ማሽን ጋር ከመታገል ይሻላል። ግን ይህን ያሉት አጣፊዎቹ አይደሉም። ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አለ?» ነበር፤ እዚህ ጋ መልሱ ደስ አይልም። ከካርዱ ጀርባ የምትገኘው ትንሽ ቀይ «ኤች» ፊደል የኤስተር ናት።

የጋዜጦቹ ትኩረት ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። ኤስተር ሳታገባ ኖራ በ1904 ሞተች፤ «ለሺዎች የፍቅር ደብዳቤ የሠራችው ሴት ለራሷ ፍቅር አላገኘችም» የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይታተማል። የተጣፈጠ ወሬ ነው፣ እኔን ግን ያንገበግበኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የራሷን ንግድ የመራች ሴት ናት። በ1866 ጉልበቷ ተጎድቶ በተሽከርካሪ ወንበር ሆና እንኳ ሥራውን ከቤቷ ቀጥላለች። ካርድ የሚያትም ወንድ ሳያገባ ቢሞት ማን ያነሳዋል?

«የአሜሪካ ቫለንታይን እናት» የሚለው ማዕረግም ቢሆን ጥያቄ ያነሳል። በአቅራቢያዋ፣ ግራፍተን በምትባል ከተማ ጆታም ታፍት የተባለ ሰውም ካርድ ይሠራ ነበር፣ ከእሷ ቀድሟል የሚሉም አሉ። ለእኔ ማን ቀደመ የሚለው ብዙም አያስጨንቅም። ከኤስተር ሥራዎች አንዱን ብቻ ልመርጥ ብባል በ1879 ያወጣችውን የግጥም መጽሐፍ እመርጣለሁ። 131 አጫጭር ግጥሞች አሉት፣ በተለያየ ቀለም የታተሙ። ገዢው ካርዱን ወዶ ግጥሙን ከጠላ፣ ከመጽሐፉ ሌላ መርጦ በቀድሞው ላይ ይለጥፋል። ሌላ ድርብ ማለት ነው። ፍቅረኛው የማን ግጥም እንደተሸፈነባት በጭራሽ አታውቅም።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የታመሙትን አባቷን ለማስታመም ስትል ንግዱን ለጆርጅ ዊትኒ ሸጠች። ዊትኒ ማሽን አስገባና ዳንቴል ወረቀቱን እዚያው ዉስተር ማተም ጀመረ፤ ከእንግሊዝ ማስመጣት ቀረ። ድርጅቱ እሱ ከሞተ በኋላም ቀጥሎ፣ በ1942 በጦርነቱ ምክንያት ወረቀት ሲጠፋ ተዘጋ።

የኤስተር ካርዶች ዛሬ ዉስተር ባለው የአሜሪካ ጥንታዊ ቅርሶች ማኅበር ቤተ መጻሕፍትና በሌሎች ስብስቦች ውስጥ ይገኛሉ። ሁሉም ፊርማ የላቸውም። ባለሙያዎቹ ቀይዋን «ኤች» ካጡ የዳንቴሉን አደራረብ፣ ከስሩ ያለውን ባለ ቀለም ወረቀትና የሞላዋን አስተጣጠፍ ያያሉ። ካርዱን የሚያስለየው ያኔ የአንዷ ስሟ ያልተጻፈ ሴት እጅ ነው ማለት ነው።