አሮጌ የእንጨት ዕቃ ማደስና የእድራችን አግዳሚዎች ነገር



እንደሚታወቀው ዘንድሮ በስብሰባችን «አሮጌዎቹ አግዳሚ ወንበሮች ለቆራሌው ይሸጡና የፕላስቲክ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛም ጡረታ ከወጣን ወዲህ ከሰፈሩ አናጢ ደጃፍ ስለማንጠፋ፣ ያየነውንና የሰማነውን በአጭሩ እንጽፋለን።

ዱሮ በአብዛኛው ሰው ቤት የነበረው መደብ፣ በርጩማና የጠፍር አልጋ ነው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የውጭ ዕቃ መምጣቱ ቀለለ፤ አናጢዎቻችንም ቡፌውንና ቁም ሳጥኑን እያዩ በአገር እንጨት ይሠሩት ጀመር። ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ ኮላ፣ ስቱኮ፣ ኮምፔንሳቶ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ከእንጨቱ ዋንዛ ለመላጊያ ይመቻል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ጥድ በሽታው ይታወቃል። ዝግባ ነጣ ያለ ሆኖ ነቀዝ ይገባዋል። ዛፎቹ ስለተመናመኑ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥን ከለከለ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ቺፑድ ደግሞ ውሃ ሲነካው አብጦ ይፈርሳል። እንግዲህ አሮጌ ዋንዛ ቢፈለግ ምን ይገርማል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆራሌው (ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል) ከየቤቱ ይሰበስባል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስንት ቁም ሳጥን የኮንዶሚኒየም ደረጃ አላሳልፍ ብሎት በርካሽ ሲሄድ አይተናል። አናጢው የላላውን እግር ነቅሎ በኮላ ይመልሳል፤ የተበላውን ቆርጦ በሌላ እንጨት ይተካል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ይቀባል። እስከዚህ ድረስ እሰየው ነው።

ክፋቱ የነቀዙን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ሲለቀልቁበት ነው። እኛም አንድ ጊዜ ተታለናል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቡፌ ገዝተን፣ ዓመት ሳይሞላው ከሥሩ እንደ ዱቄት ይረግፍ ጀመር። ባለቤታችን አይታ፣ «አንተ ሰው፣ ቀለሙን ነው እንዴ የገዛኸው?» አለች። መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስንገዛ ገልብጠን ከሥሩ ነው የምናየው፤ ቀለም ያልደረሰበት እንጨት አይዋሽም።

ስለዚህ አግዳሚዎቹ ከመሸጣቸው በፊት ይገልበጡና አናጢ ጥፍር ያህል ፍቆ ይያቸው። ዋንዛ የሆኑት ይታደሱ። ነቀዝ የበላቸው ይሸጡ፤ ግን ለገዢው ጉዳታቸው ይነገረው፤ የእድር ገንዘብ በማታለል አይገኝም።

እነዚያ አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠን ስንቱን ጎረቤት አስተዛዝነናል። ተራው የኛ ሲደርስም ለቀስተኛችን የሚቀመጠው እነሱው ላይ ነው።

ለከርሞ በደኅና ያገናኘን።