«ሲስተም የለም» እንዳይባል፦ ከረሖቮት የመጀመሪያ ኮምፒውተር እስከ ዛሬው ሰርቨር

ወላጆቻችን ወረፋን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ስንት ነው! እዚህም ኪርያት ማላኺ ሆነ ያቭኔ፣ አንድ ቢሮ መስኮት ፊት ቆመን «ሃማዓሬኸት ናፍላ» ስንባል ያው ነው። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። አሁን ግን ከእኛ ከወጣቶቹ አንዳንዶቻችን ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ነን፤ ያ «ሲስተም» እንዳይወድቅ የምንጠብቀው እኛ ነን። ቤት ስንገባ እናቶቻችን ለጎረቤት «ልጄ ኮምፒውተር ይጠግናል» ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የዚህን ሥራ ታሪክ ልናወጋችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን እንይ። «ሰርቨር» በእንግሊዝኛ፣ «ሻራት» በዕብራይስጥ፣ ሁለቱም አገልጋይ ማለት ናቸው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠይቀውን ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። አገልጋይ ካልን ደግሞ ጥያቄው ወዲያው ይመጣል፦ ማንን ነው የሚያገለግለው? ማንንስ ያስቀድማል? የሥራው ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ታሪኩን ከደጃችን መጀመር እንችላለን። ረሖቮት ለገደራም ለያቭኔም ቅርብ ናት። እዚያ ባለው የቫይዝማን ተቋም የሒሳብ ሊቁ ሐይም ፔከሪስ ኮምፒውተር ይሠራልን ብለው ያዙ። በ1947 ጉዳዩን ከተመለከቱት አማካሪዎች መካከል አልበርት አይንስታይንና ጆን ፎን ኖይማን ነበሩ። አይንስታይን ይህች ትንሽ አገር በኮምፒውተር ምን ታደርግበታለች ብለው ተጠራጠሩ። ፎን ኖይማን ግን ሌላ ሰው ባይጠቀምበት እንኳ ፔከሪስ ብቻቸውን ቀኑን ሙሉ ያሠሩታል ብለው መለሱ ይባላል። ለሥራው 50,000 ዶላር ተመደበ። መሐንዲሶቹ ጄራልድ ኤስትሪንና ባለቤታቸው ቴልማ ኤስትሪን ከአሜሪካ መጥተው፣ ከአገሩ ሠራተኞች ጋር ሆነው በ1954 እና በ1955 «ቫይዛክ» የተባለውን ኮምፒውተር ሠሩ። በመካከለኛው ምሥራቅ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የውቅያኖስ ውሃ ከፍና ዝቅ የሚልበትን ስሌት ጨምሮ ከባድ ከባድ ሒሳብ ሲሠራ ቆይቶ በ1963 መጨረሻ ላይ ሥራውን አቆመ።

ልብ በሉ፦ የእነዚያ ሊቃውንት ክርክር ማሽኑ ምን ያህል ይፈጥናል የሚል ብቻ አልነበረም። ምን ይሠራልናል፣ ሥራ ፈትቶስ ይቀመጣል ወይ የሚል ነበር። ዛሬም አንድ ድርጅት ሰርቨር ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የአንዱን ሥራ ሳይጨርስ የሌላውን አይጀምርም ነበር። ሌላው ካርዱን ይዞ ይጠብቃል። በ1961 በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. ፈርናንዶ ኮርባቶ የማሽኑን ጊዜ በጥቃቅን ቆራርጦ ለብዙ ሰው የሚያዳርስ አሠራር አሳዩ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ማሽኑ የእሱ ብቻ ይመስለዋል። ዛሬ ስልካችን የሚያናግረው ሰርቨርም ጊዜውን የሚያዳርሰው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ማካፈል ግን የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ የተገኘው ኮምፒውተር ሳይኖር፣ በስልክ ቤት ነው። ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ በ1909 ስለ ስልክ ጥሪ ብዛትና ስለ ወረፋ የጻፉት ስሌት ዛሬም ይሠራል። እስቲ አንዲት የመስኮት ሠራተኛ አስቡ። አንዱ ጉዳይ አጭር፣ ሌላው ረጅም ሆኖ በአማካይ 1 ደቂቃ ይፈጅባታል። ሰውም በቀጠሮ ሳይሆን ባሻው ሰዓት ይመጣል። ከጊዜዋ ግማሹ ከተያዘ፣ ባለጉዳይ ከገባበት እስከሚወጣበት በአማካይ 2 ደቂቃ ነው። 80 በመቶው ከተያዘ 5 ደቂቃ ይሆናል። 90 በመቶ ሲደርስ 10 ደቂቃ፣ 95 በመቶ ሲደርስ 20 ደቂቃ! ሰርቨርም እንዲሁ ነው። አለቃው «ገና 10 በመቶ ትርፍ አለን» ብሎ ሲደሰት፣ ደንበኛው ተሰላችቶ ሄዷል።

አቅምን እስከ ጫፍ መጠቀም የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ይህን ከወላጆቻችን በላይ የሚያውቅ የለም። በግንቦት 24 እና 25፣ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ እስራኤል ገባ። የአውሮፕላን መቀመጫ ተነቅሎ፣ በአንዱ ትልቅ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 ሰው በላይ ተጫነ። ጊዜው አጭር ስለነበር የቅድሚያ ቅድሚያው ነፍስ ነበር። ነገር ግን በየቀኑ እንዲህ የሚበር አየር መንገድ የለም። የአቅም አስተዳደር ማለት የትኛው ቀን ልዩ ቀን፣ የትኛው የዘወትር ቀን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ወደ ንግዱ እንምጣ። ገደራ ውስጥ እንጀራና በርበሬ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። ዓመቱን ሙሉ ሰላም ነው። የሲግድ በዓል ሲቃረብ ግን ትእዛዙ በአንድ ምሽት ይጎርፋል። ባለሱቁ ምን ያድርግ? ለሁለት ሳምንት ብሎ ውድ ማሽን ቢገዛ አሥራ አንድ ወር ሥራ ይፈታል፤ ዝም ቢል ደግሞ ገጹ ይንቀራፈፍና ደንበኛው ሌላ ቤት ይሄዳል። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ መጀመሪያ ይለካል፦ አንድ ትእዛዝ ስንት ሴኮንድ ይወስዳል? የሚያንቀው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ሜሞሪው ነው፣ ዲስኩ ነው ወይስ መስመሩ? ቀጥሎ ቅድሚያ ይሰጣል፦ ክፍያ ይቅደም፣ የወሩ ሪፖርት ሌሊት ይሠራ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው አንድ የተዝረከረከ የዳታቤዝ ጥያቄ ማስተካከል ሆኖ ይገኛል፤ ወጪ የለውም። ካልበቃ ለበዓሉ ብቻ አቅም ይከራያል። አማዞን ከ2006 ጀምሮ የሰርቨር አቅም በሰዓት ማከራየት ከጀመረ ወዲህ ይህ ለትንሽ ሱቅም ይቻላል። ግን የተከራዩትን ማጥፋት አይረሳ! መብራት አብርቶ እንደ መተኛት ነው፤ ሂሳቡ ይመጣል።

ለአለቃ ሲነገርም በገንዘብና በሰው ቋንቋ ነው። «ፕሮሰሰሩ 92 በመቶ ደርሷል» ቢባል ማን ይሰማል? «ማታ ማታ ደንበኛ ለመክፈል 9 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ብዙዎቹም ሳይከፍሉ ይወጣሉ» ሲባል ግን አለቃው ወንበሩን ያስጠጋል።

ፍጥነት ብቻም አይበቃም። በመጋቢት 2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ሰዓታት ተዛብቶ፣ ብዙ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ በላይ አወጡ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ በሲስተም ሥራና ፍተሻ ጊዜ የተፈጠረ ችግር እንደሆነ ተገለጸ። ባንኩ አገልግሎቱን አቁሞ፣ ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ደከመ። ሲስተም ላይ እጅ ከማሳረፍ በፊት በሌላ ቦታ መሞከር፣ ሰዓት መምረጥ፣ የሚመለሱበትን መንገድ ማዘጋጀት የግድ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ያቭኔ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችን የሚመረምሩ ማሽኖች የሚሠራው ኦርቦቴክ አለ። ከኪርያት ማላኺ ወደ ደቡብ፣ ኪርያት ጋት የኢንቴል ቺፕ ፋብሪካ አለ። የኛን ማኅበረሰብ ወጣቶች ለሃይቴክ የሚያሠለጥነው ቴክ ካሪየርም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እየሠራ ነው። በር የለም አንበል፤ በሩ ጠባብ ነው፣ ግን አለ። ልጆች፣ በጥገና ጠረጴዛ ከጀመራችሁ አትናቁት፤ የትኛው ማሽን መቼ እንደሚደክም መዝግቡ፣ ለምን ብላችሁም ጠይቁ። ወደላይ የሚያወጣው እሱ ነው።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፣ እናንተም ጎረቤት «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ያዙልን፦ «ሰው ወረፋ እንዳይጠብቅ ያደርጋል» በሉልን።