«እኛ» ስለሚለው ቃል

የታላላቅ መንግሥታትና የታላላቅ ከተሞች አወዳደቅ በታሪክ መጻሕፍት በብዛት ተጽፎ ይገኛል። እኔ በዚህ ድርሰት የምተርከው ግን ስለ አንድ የእግር ኳስ ቡድን አወዳደቅ ነው። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን የአያቶቻቸውን ስም እስከ ሦስት ትውልድ መቁጠር የሚያቅታቸው ልጆቻችን የዚህን ቡድን ተጫዋቾች ስም ሳይሳሳቱ ይዘረዝራሉ። መምህር የሆነ ሰው ደግሞ ተማሪውን ካለበት ቦታ ሄዶ እጁን ይዞ ያመጣዋል እንጂ ከሩቅ ቆሞ አይጠራውም። ስለዚህ ከሚወዱት ነገር ተነሥቼ ጥቂት ቃል ልናገር አሰብሁ።

ቡድኑ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው ማንቼስተር ዩናይትድ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኋቸው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

በሜይ 21 ቀን 2025 ዓ.ም. ይህ ቡድን በስፔን አገር በቢልባኦ ከተማ ከቶተንሃም ጋር ለዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ተጋጥሞ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በማግሥቱ ጠዋት አንድ የአሥራ አራት ዓመት የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ይዞ በደጃፌ ሲያልፍ አየሁት፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ምን ሆነህ ነው ልጄ ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ እኛ ከእንግዲህ አንነሣም» አለኝ።

ይህ ልጅ ማንቼስተርን አይቶ አያውቅም። የቡድኑም ባለቤቶች እርሱ በሕይወት መኖሩን አያውቁም። እርሱ ግን «እኛ» አለ። ልስቅበት አልቻልሁም፤ ምክንያቱም እኔም ከኀምሳ ዓመት በፊት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህራችን የዚህን ቡድን ታሪክ ቢነግረን፣ በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ራሳችንን በእነዚያ ተጫዋቾች ስም እየጠራን «እኛ» እንል ነበር። ልጁ ከሄደ በኋላ፣ ይህ «እኛ» የተባለው ቃል ከወዴት መጣ? አሁንስ ወዴት ሄደ? እያልሁ ብዙ አሰብሁ።

ቃሉ የተወለደው በ1878 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በማንቼስተር ከተማ በኒውተን ሂዝ ሰፈር የባቡር ሠረገላ የሚሠሩ ድኻ ሠራተኞች ከሥራ በተረፋቸው ሰዓት የሚጫወቱበት አንድ ቡድን አቋቋሙ። በ1902 ዓ.ም. ቡድኑ በዕዳ ተይዞ ሊፈርስ ደረሰ። የቡድኑ አለቃ የነበረው ሃሪ ስታፎርድ ገንዘብ ለመለመን ውሻውን ይዞ ወደ ገበያ ትርኢት ወጥቶ ሳለ ውሻው ጠፋ፤ ጆን ሄንሪ ዴቪስ የሚባል የቢራ ፋብሪካ ባለቤት አገኘው፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ ሰዎች ተዋወቁ ተብሎ ይነገራል። ዴቪስና ጓደኞቹ ዕዳውን ከፈሉ፤ ቡድኑም የዛሬውን ስሙን አገኘ። እንደ ገናም በ1931 ዓ.ም. የተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፈልበት በጠፋ ጊዜ ጄምስ ጊብሰን የሚባል ነጋዴ 2,000 ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ አዳነው። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን ቦምብ ሜዳውን አፈረሰው፤ እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስም የሚጫወተው በጎረቤቱ በማንቼስተር ሲቲ ሜዳ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ዓ.ም. ማት በዝቢ የሚባል አሠልጣኝ መጣ። በዝቢ ያለቀለት ተጫዋች ከመግዛት ይልቅ ልጆችን ከትምህርት ቤት ወስዶ ማሳደግን መረጠ። እነዚያ ልጆች በ1956 እና በ1957 ዓ.ም. በተከታታይ የእንግሊዝን ሊግ አሸነፉ። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 ዓ.ም. ከቤልግሬድ ሲመለሱ አይሮፕላናቸው በሙኒክ በበረዶ ላይ ሊነሣ ሲል ተከሰከሰ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 8ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የተጣለበት ደንከን ኤድዋርድስ በሆስፒታል ለ15 ቀን ከሞት ጋር ታግሎ በ21 ዓመቱ ዐረፈ።

አደጋው በደረሰ በ13ኛው ቀን ቡድኑ ከሼፊልድ ዌንስደይ ጋር ጨዋታ ነበረበት። ለተመልካች በሚሸጠው ወረቀት ላይ የተሰላፊዎቹ ስም በሚጻፍበት ስፍራ ምንም አልተጻፈም፤ ማን እንደሚሰለፍ አልታወቀም ነበርና ባዶ መሥመር ብቻ ታተመ። መምህራችን ይህን ሲነግረን ክፍሉ ጸጥ ማለቱ ትዝ ይለኛል። በዚያ ማታ ሜዳው በሕዝብ ተጨናንቆ ቡድኑ 3 ለ 0 አሸነፈ። በዝቢም ካህን የመጨረሻውን ጸሎት ካደረሰለት በኋላ ከሞት ተርፎ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. ቤንፊካን 4 ለ 1 አሸንፎ የአውሮጳን ዋንጫ ወሰደ። በዚያ ቀን ከሙኒክ የተረፉት ቦቢ ቻርልተንና ቢል ፎክስ በሜዳው ነበሩ።

አሁን ወጣት አንባቢዬ ይህን ልብ ይበል። ይህ ቡድን በ1974 ዓ.ም. ተሸንፎ ወደ ሁለተኛው ምድብ ወርዶ ነበር። ነገር ግን በዚያ በውርደቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር ካሉት ቡድኖች ሁሉ፣ በአንደኛው ምድብ ካሉትም ጭምር፣ በአማካይ ብዙ ተመልካች የሚመጣለት እርሱ ነበር። ድኽነት አልገደለውም፤ ቦምብ አልገደለውም፤ ሞት አልገደለውም፤ ሽንፈትም አልገደለውም። «እኛ» የሚሉት ሰዎች ሳሉ ሽንፈት የሚያልፍ ክረምት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የመጣው አሌክስ ፈርጉሰንም ይህን ያውቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አንድም ዋንጫ አላገኘም፤ ይባረር የሚለውም ጩኸት በርትቶ ነበር። ሹማምንቱ ግን ታገሡት። በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ለ26 ዓመት የራቀውን የሊግ ዋንጫ መለሰ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ነው። እርሱም እንደ በዝቢ ልጆችን አሳደገ፤ ጊግስ፣ ቤካም፣ ስኮልስ፣ በትና ሁለቱ ኔቪሎች በዚያው ቤት የጎለመሱ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎችን ወሰዱ። ፈርጉሰን በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ ቡድኑ ካገኛቸው 20 የሊግ ዋንጫዎች 13ቱ በእርሱ እጅ የተገኙ ነበሩ።

ነገር ግን ዛፉ ገና ፍሬ እየሰጠ ሳለ ምሥጥ ሥሩን ይበላው ነበር። በ2005 ዓ.ም. ግሌዘር የሚባል አሜሪካዊ ቤተ ሰብ ቡድኑን ወደ 790 ሚሊዮን ፓውንድ በሚደርስ ዋጋ ገዛው። ከገንዘቡ ብዙው ብድር ነበር፤ የብድሩም ሸክም በአብዛኛው በቡድኑ ላይ ተጫነ። ይህን በምሳሌ ባስረዳ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ተበድሮ የጎረቤቱን በሬ ገዛ፤ ከዚያም በሬው አርሶ የራሱን መግዣ ዕዳ ከነወለዱ እንዲከፍል አደረገው። እስከዚያ ቀን ዕዳ ያልነበረበት ቡድን ከዚያ ወዲህ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ለወለድ ከፍሏል። ዴቪስና ጊብሰን ቡድኑ ሲቸገር ገንዘብ ይዘው ገቡ፤ እነዚህ ግን ቡድኑ ሲበለጽግ መጥተው ገንዘቡን አስወጡት። በዚያው ዓመት ይህ ያሳዘናቸው አንዳንድ ደጋፊዎች ተለይተው፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ኤፍ ሲ ዩናይትድ ኦቭ ማንቼስተር የተባለ የራሳቸውን ትንሽ ቡድን አቋቋሙ።

ፈርጉሰን ሳለ የቤቱ ስንጥቅ አልታየም። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን ትዕግሥት ከዚያ ቤት አብሮ ወጣ። እስከ 2024 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ጊዜያዊዎቹን ሳንቆጥር ስድስት አሠልጣኞች ተፈራረቁ። ፖል ፖግባ የተባለውን በቤታቸው ያሳደጉትን ወጣት በ2012 ዓ.ም. ለቀቁት፤ በ2016 ዓ.ም. በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሰው ገዙት፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ያለ ምንም ዋጋ ሄደ። ማሳደግን የተወ ሰው የራሱን ልጅ እንኳ ከገበያ ይገዛል።

በኤፕሪል 2021 ዓ.ም. ማንቼስተር ከሌሎች 11 ባለጸጋ ቡድኖች ጋር ሆኖ፣ መሥራቾቹ ቢሸነፉም የማይወርዱበት አዲስ ሊግ እንቋቁም አለ። ደጋፊው ሁሉ ስለ ተቈጣ ስድስቱ የእንግሊዝ ቡድኖች ሦስት ቀን ሳይሞላ ከውጥኑ ወጡ። ነገር ግን አሳባቸው ተገለጠ። የመውረድ ፍርሃት የሌለበት ጨዋታ ንግድ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም።

በ2024 ዓ.ም. ከሩብ በላይ ድርሻ የገዛ ሌላ ባለጸጋ የኳሱን አመራር ተረከበ። በዚያ ዓመት ወደ 250 የሚሆኑ የሥራ ቦታዎች ታጠፉ፤ በሚከተለውም ዓመት ሌሎች እንዲቀነሱ ተወሰነ፤ ለሠራተኛው በነጻ ይሰጥ የነበረው ምሳ እንኳ ቀረ። በዘመኑ እኩሌታም ለቀሩት ጨዋታዎች የመግቢያውን ዋጋ ለሕፃንም ለሽማግሌም ልዩነት ሳያደርጉ 66 ፓውንድ አደረጉት። ለአንድ ተጫዋች ብዙ ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት ለጽዳት ሠራተኛ ምሳ አጣ ቢባል፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ከማለት በቀር ምን ይባላል? በ2025 ዓ.ም. ውድድሩ ሲያልቅ ቡድኑ 42 ነጥብ ብቻ ይዞ 15ኛ ሆነ፤ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

ይህን ስል የድሮው ሁሉ መልካም፣ የአሁኑ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ አንድ ተጫዋች ምንም ያህል ቢደነቅ በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ደንብ ነበረ። ሺሕ ሰው የሚያየው ተጫዋች ጡረታ ሲወጣ ይቸገር ነበር። ይህ ግፍ በመቅረቱ ደስ ሊለን ይገባል። ገንዘብም በራሱ ኀጢአት የለበትም፤ የዴቪስ ገንዘብ ባይኖር ይህ ታሪክ በ1902 ዓ.ም. ባበቃ ነበር። ልዩነቱ ገንዘቡ ለጨዋታው ማገልገሉ ወይስ ጨዋታው ለገንዘቡ መገዛቱ ነው።

ሌላውን ብቻ እንዳልወቅስ አንድ የራሴን በደል ልናገር። መምህር ሳለሁ የትምህርት ቤቱን የኳስ ቡድን የማሠለጥን እኔ ነበርሁ። የምናሰልፈው የገዛ ተማሪዎቻችንን ነበር፤ ብዙ ጊዜ እንሸነፋለን፤ ወላጆች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦና ቆሎ ይዘው በሜዳው ዳር ይቀመጡ ነበር። አንድ ዓመት የአውራጃው ዋንጫ አማረኝ። ጉልበተኞች የሆኑ አራት ጎረምሶች ከሌላ ከተማ አስመጥቼ በተማሪነት አስመዘገብሁና የእኛን ልጆች አስቀመጥኋቸው። ዋንጫውን አገኘነው። በሚከተለው ዓመት ግን በሜዳው ዳር ሰው አልነበረም። ከተቀመጡት ልጆች የአንዱ እናት በመንገድ አግኝታኝ «የኔታ፣ ዋንጫው የማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ያ ዋንጫ በዓይኔ ሲታየኝ አፍራለሁ። ሚሊዮን ፓውንድ ሳይኖረኝ፣ በአራት ጎረምሶች ብቻ፣ «እኛ» የሚለውን ቃል ገድዬው ነበርና።

ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ ከጥቂት ቀን በኋላ እንዲህ አልሁት። «ልጄ፣ የምትወደው ቡድን ተመልሶ ዋንጫ ያነሣ ይሆናል፤ ገንዘብ ላለው ዋንጫ አይርቀውምና። አንተ ያለቀስኸው ግን ስለ ዋንጫ ብቻ አይመስለኝም። መውደድህንም አልነቅፍብህም። ነገር ግን አንተ "እኛ" ስትል እነርሱ "ደንበኛችን" እንደሚሉህ እወቅ። ቃልህን አንተን ከሚያውቁህ ሰዎች ዘንድም አኑረው፤ በትምህርት ቤትህ፣ በሰፈርህ፣ በምትጫወትበት አቧራማ ሜዳ። በዚያ ብትቀር "የት ቀረ" ብሎ የሚጠይቅህ ሰው አለ።»

አባቶቻችን የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅስ፣ ሞኝ ይልስ ብለዋል። የዚህ ቡድን ክምር ሲናድ የላሱት ብዙዎች ናቸው። ያ ልጅ ግን ደብተሩን እንደ ያዘ ሲያለቅስ አይቼዋለሁና፣ ከብልሆቹ ወገን እቈጥረዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን ሜዳ ዳር ተቀምጬ ጨዋታውን አየሁለት። 4 ለ 1 ተሸነፉ። ወደ እኔ እየሮጠ መጥቶ «አባባ፣ እኛ የሚቀጥለው ቅዳሜ እንገጥማቸዋለን፤ ትመጣለህ?» አለኝ። እመጣለሁ አልሁት።